በገበታ ላይ የምትሄድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ከየት ትገኛለች?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ተራ በተሰጠን ጊዜ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንናገራለን ብላችሁ የጠበቃችሁ ብዙዎች ሳትሆኑ አትቀሩም። እኛ ግን የመረጥነው ርእስ እጅግ ትንሽ ነው፤ በመዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት ሥፍራ ይተርፋል። ይኸውም በባቡር ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ እየጎተተችና እየገፋች የምታሰልፈው ሎኮሞቲቭ በትንሹ ተሠርታ ከየት ልትገኝ እንደምትችል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ የእጅ ሥራ ማኅበራችንን አባሎች ለሁለት ከፍሎ ብዙ ያከራከረ ስለ ሆነ፣ ክርክሩንና የደረስንበትን አሳብ በፊታችሁ ለመግለጽ እንወዳለን።

«ባሕር ዳርን ከባቡር ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ሐዲድ እስካሁን ጣና ዳር አልደረሰም። በአገሪቱ የባቡር መሥመር ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቅ መሥመር ተሥሎ ነበር፤ ነገር ግን ሥዕል ሐዲድ አይደለም። እኛ አድገን ያየነው መጓጓዣ የደንገሉ ታንኳ፣ የሞተሩ ጀልባ፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁና አይሮፕላኑ ነው። ከመካከላችን ባቡር በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው። ያላዩትን ነገር ለማወቅ ግን ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው ስለ እርሱ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው በትንሹ ሠርቶ ማየት ነው። እኛም ሁለተኛውን መንገድ ስንከተል ነው ከዚህ ጥያቄ የደረስነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህች ሎኮሞቲቭ ምን እንደ ሆነች እንናገር። አንድ የዕቃ ባቡር ከወደብ ሲመጣ ፉርጎዎቹ እንደ ተገናኙ ተቀጣጥለው ነው። አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ ማዳበሪያ ጭኗል። ጣቢያ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ ወደየቦታው መሄድ አለበት፤ ይህ ወደ መጋዘን፣ ያ ወደ ነዳጅ ማራገፊያ፣ የተሰበረው ወደ ጥገና። ይህን ሥራ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ስትጎትት የመጣችው ትልቋ ሎኮሞቲቭ አትሠራውም። የሚሠራው አጠር ያለች፣ ፍጥነቷ አነስተኛ፣ ጉልበቷ ግን ጠንካራ የሆነች ሌላ ሎኮሞቲቭ ናት። አሜሪካኖች «ስዊቸር»፣ እንግሊዞች «ሻንተር» ይሏታል። እኛ በዚህ ንግግር «አሰላፊ» እያልን እንጠራታለን። መንገደኛ አያውቃትም፤ በፎቶግራፍም ብዙ ጊዜ አትታይም፤ ነገር ግን እርሷ ካልሠራች ትልቁ ባቡር አይነሣም።

መጠኗም ልዩ ልዩ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የተሠራችው «ኤስ ደብልዩ 1» የተባለችው ዲዝል አሰላፊ 600 የፈረስ ጉልበት ሲኖራት፣ ርዝመቷ 13 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የስሟ ሁለት ፊደሎችም በእንግሊዝኛ ስድስት መቶ ጉልበትና በብየዳ የተያያዘ አካል ያላት መሆኗን ያመለክታሉ። ጀርመኖች «ኮፍ» ከሚሏቸው ትንንሽ አሰላፊዎች አንዷ ደግሞ ርዝመቷ ከ6 ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ካንድ የጭነት መኪና ታንሳለች ማለት ነው።

ያገራችንም የባቡር ታሪክ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ሥፍራ ደረሰ፤ ከተማይቱም በሐዲዱ ምክንያት ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ የብረት ዘንጎች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን አቆመ። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የዚህኛው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የስፋት ልዩነት እንድታስታውሱልን እንለምናለን፤ ወደ ታች ይፈለጋልና።

አሁን ወደ ትንሹ ባቡር እንምጣ። የባቡር አምሳያ መሥራት በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ የሚገኘው የመርክሊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ ትርዒት ላይ ሐዲዱ እየተገጣጠመ የሚሰፋ የአሻንጉሊት ባቡር አቀረበ። ከዚያ ወዲህ መጠኑ በሕግ እንደ ተደነገገ ያህል ተለይቶ ታወቀ። ዛሬ እጅግ የተለመደው «ኤች ዜሮ» የተባለው መጠን ነው፤ እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ አንሶ ይሠራል። «ኤን» የተባለው 160 ጊዜ ያንሳል፤ ይህንን በሰፊው ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 የአርኖልድ ፋብሪካ ነው። «ዜድ» የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በመርክሊን የወጣ ሲሆን 220 ጊዜ ያንሳል። እንግዲህ አስሉት፤ ያች የአሜሪካ አሰላፊ በኤች ዜሮ 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በኤን 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በዜድ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። የጀርመኗ ትንሽ አሰላፊ በኤን መጠን 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት፤ ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ አሰላፊ ለመሥራትም ለማግኘትም የምታስቸግርበት ምክንያት አራት ነው።

አንደኛው ምክንያት የክብደት ነው። ርዝመት 160 ጊዜ ሲያንስ ክብደት የሚያንሰው 160 ጊዜ ሳይሆን 160 በ160 በ160፣ ማለትም ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ 50 ቶን የምትመዝን ሎኮሞቲቭ በኤን መጠን በትክክል ብትሠራ የምትመዝነው 12 ግራም ብቻ ይሆናል። በኤች ዜሮ መጠንም 76 ግራም ያህል ናት። እንዲህ የቀለለች ነገር ጎማዋ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ፉርጎ አትጎትትም። ፋብሪካዎች ከባድ ብረት በውስጧ ይጨምሩባታል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሆዷን ስለሚሞላው ለብረቱ የሚተርፍ ቦታ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው። የገበታ ባቡር ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማዎቹ በኩል ነው። ትልቋ ሎኮሞቲቭ ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ጎማ ስላላት አንዱ ጎማ አቧራ ቢያገኘው ሌላው ያቀብላታል። አሰላፊዋ ግን አራት ጎማ ብቻ ልትኖራት ትችላለች። በሐዲድ መቀየሪያው መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ክፍል ሲያጋጥማት ቀጥ ትላለች። ባለቤቷም በጣቱ እየገፋ ያስነሣታል፤ ይህም ጨዋታውን ሁሉ ያበላሸዋል።

ሦስተኛው የፍጥነት ነው። አሰላፊ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ አምሳያዋ በኤች ዜሮ መጠን በሰከንድ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ መሄድ አለባት። ጎማዋ የእውነተኛው ስፋት 1 ሜትር ቢሆን፣ የአምሳያው ጎማ በደቂቃ የሚዞረው 106 ጊዜ ያህል ነው። ትንንሽ ሞተሮች ግን በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሽከረከራሉ። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚቀንስ ጥርስ በጥርስ ላይ መደራረብ ያስፈልጋል፤ ይህም እንደ ገና ቦታ ይፈልጋል።

አራተኛው የገበያ ነው። ፋብሪካ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ሲሠራ አይውልም፤ አንድ ጊዜ የተወሰነ ቁጥር ሠርቶ ወደ ሌላ ይሻገራል። ገዢውም አስቀድሞ የሚመኘው ረጅሙንና የሚያብረቀርቀውን የመንገደኛ ባቡር ነው። ከዚህ የተነሣ አሰላፊዋ ከሱቅ ስታልቅ ብዙ ዓመት ሳትመለስ ልትቆይ ትችላለች፤ የሚፈልጋት ሰውም ያገለገለ እየፈለገ ይዞራል። በእንግሊዝ ወይም በጃፓን የሚኖር ሰው እንዲህ ከተቸገረ፣ እኛ በጣና ዳር ያለነው ምን ያህል እንደምንቸገር መገመት አያዳግትም። በከተማችን ይህን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ፣ የመላኪያና የቀረጥ ወጪ አለ።

በዚህ ላይ ማኅበራችን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን እንዲህ አለ፤ «በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያላቸው አባሎች አሉ፤ ካዋጣነው ገንዘብ አንዲት የተዋበች አሰላፊ ይግዙልን። በትክክል የተሠራ ነገር ሳናይ በትክክል ልንሠራ አንችልም።» ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ሸማኔም ጥለቱን የሚማረው ጥሩ ጥለት አይቶ ነው።

ሁለተኛው ወገን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ስትበላሽ ማን ይጠግናታል?» ከብርጭቆ የቀጠነች የፕላስቲክ ጥርስ አንድ ቀን ብትሰነጠቅ፣ ምትክዋ እስኪገኝ ድረስ እኛ ፈተና ተፈትነን እንበተናለን። ከዚያ በኋላ ሎኮሞቲቭዋ በመስተዋት ቁም ሣጥን ገብታ «አትንኳት» ተብሎ ይጻፍባታል። እኛን ተከትለው የሚመጡት ታናናሾቻችን የሚያገኙት ጌጥ እንጂ ትምህርት አይደለም።

ይህ ጥያቄ ስለ ትንሹ ባቡር ብቻ አለመሆኑን ክቡራን መምህራን ሳትገነዘቡት አትቀሩም። ስንት መሣሪያ ነው አንዲት ትንሽ ዕቃ ጠፍታ ከጥግ የቆመው? የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒዩተር። የድሬዳዋ ባቡር የሐዲዱን ያህል የሚታወሰው በጥገና ቤቱ ነው፤ ያ ጥገና ቤት ብረት እየቀረጹና እየጠገኑ የተጎዳውን ሁሉ ወደ ሐዲዱ የሚመልሱ የእጅ ባለሙያዎችን ያፈራ ነበር። ስለዚህ «ትገኛለችን?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው ትርጉም «በሱቅ አለችን?» ማለት ብቻ አይደለም፤ «ዛሬ ብትሰበር ነገ እንደ ገና ልትሠራ ትችላለችን?» ማለት ነው።

ለዚህ ምሳሌ ከደጃችን አለን። ወደ ዘጌ ለሽርሽር የሄደ ሰው በመንገዱ ዳር ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ለእንግዶች ሲሸጡ አይቷል። የሐይቃችን ታንኳ አምሳያ ጠፍቶ አያውቅም። ለምን? ፋብሪካ ስላለው አይደለም፤ ትልቁን ታንኳ የሚሠራ እጅ ትንሹንም መሥራት ስለሚችል ነው፤ ደንገሉም እዚሁ ስለሚበቅል ነው። የሐዲድ መንገዳችን አምሳያ ግን በእጃችን የለም፤ እጃችን ገና አልለመደውምና።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለቱን አሳቦች አስታርቀን እንዲህ ቆረጥን። በገዛ እጃችን በትክክል ልንሠራው የማንችለውን ብቻ እንገዛለን፤ ይኸውም ፍጥነቱን የሚቀንስ ጥርስ ያለበትን ትንሽ ሞተር፣ ጎማዎቹን፣ ሐዲዱንና ሁለት የሐዲድ መቀየሪያዎችን ነው። ሌላውን ሁሉ እኛው እንሠራለን። የሎኮሞቲቭዋ አካል ከዘይት ቆርቆሮ፣ ክብደቷ ከአሮጌ ቡሎን፣ ፉርጎዎቹ ከቀጭን ጣውላና ከካርቶን ይሆናሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርቶ በገመድ እየጎተተ ያላደገ የሰፈር ልጅ ማን ነው? በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ሠራተኞችም ከተጣለ በርሜልና ቆርቆሮ ስንት ጠቃሚ ዕቃ እንደሚያወጡ የታወቀ ነው።

የኤሌክትሪኩንም ችግር በሌላ መንገድ እናልፈዋለን። በሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ በመላክ ፈንታ፣ ደግሞ ደጋግሞ የሚሞላ ትንሽ ባትሪ ከአሰላፊዋ ጋር ዘወትር በምትቀጠል አንዲት ፉርጎ ውስጥ እናስቀምጣለን። እንዲህ ሲሆን ሐዲዱ ቢያቧርም፣ መቀየሪያው ፕላስቲክ ቢሆንም፣ በከተማው መብራት ቢጠፋም እንኳ ባቡራችን አይቆምም።

መጠኑንም መርጠናል፤ 87 ጊዜ የሚያንሰውን። ከላይ አስታውሱልን ያልነው የሐዲድ ስፋት እዚህ ላይ ይፈለጋል። የአዲሱ መሥመር 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ለ87 ሲካፈል 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ይህም በየትኛውም የአምሳያ ሱቅ የሚሸጠው ተራ ሐዲድ ነው። የድሮው የድሬዳዋ መሥመር 1 ሜትር ግን ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ስለ ሆነ፣ የሚስማማው 12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ነው። ደግነቱ በስዊስ አገር ብዙ የተራራ ባቡሮች እንደ እኛው አሮጌ መሥመር ባለ 1 ሜትር ናቸው፤ ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካም ለእነርሱ አምሳያ የሚሆን ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሠራል። ለምኒልክ ሐዲድ ያቀደው መሐንዲስ የስዊስ ሰው ነበር፤ ዛሬም የዚያን ሐዲድ አምሳያ ስንፈልግ ለስዊስ ባቡር የተሠራው ይስማማናል።

«ከዚያስ በኋላ ባቡሩ ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ይዞራልን?» ትሉን ይሆናል። አይዞርም። አላን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ ያወጣው ጨዋታ አለ። አንዲት አሰላፊ፣ ስምንት ፉርጎ፣ ሁለት መቀየሪያና ሦስት የቆሙ ሐዲዶች ብቻ ይበቁታል። አንደኛው ሐዲድ አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ይይዛሉ፤ አሰላፊዋ የምትመላለስበት ሐዲድ ደግሞ እርሷንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይችላል። ከስምንቱ ፉርጎዎች አምስቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ ተጫዋቹም በዕጣው ቅደም ተከተል መሠረት በረጅሙ ሐዲድ ላይ ማሰለፍ አለበት። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስምንት በሰባት በስድስት በአምስት በአራት ስታባዙ 6,720 ልዩ ልዩ ሰልፍ ይወጣል። አንድ ተማሪ በየቀኑ አንዱን ቢፈታ ከ18 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ይህም የእኛን ዕድሜ ያህል ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የተማሪ ጠረጴዛ ርዝመት ላይ ይችላል። ሒሳቡ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ያንቀላፋ ተማሪ፣ ፉርጎውን በእጁ ሲያሰልፍ ይነቃል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ ሦስት ነገር እንለምናለን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ የተሰበረ ቴፕ፣ ራዲዮ፣ አሻንጉሊት መኪና ወይም አሮጌ ሰዓት ካለ ከመጣላችሁ በፊት ላኩልን። ለእናንተ ቆሻሻ የሆነው ለእኛ ሞተርና ጥርስ ነው። ልጃችሁም የተሰበረ ነገር ፈታቶ ስታገኙት ወዲያው አትቆጡት፤ መልሶ እንዲገጥመው እዘዙት።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ ጠረጴዛው የሚቀመጥበት አንድ ጥግና በሳምንት አንድ ሰዓት ፍቀዱልን። የምንሠራውን ሁሉ በልክ ሥለን፣ በአማርኛ ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ እናኖራለን፤ እያንዳንዱ ቪቴ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነና ከየት እንደ ተገኘ ጭምር።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ተለይተናችሁ እንሄዳለን። የምንተውላችሁ አንዲት አሰላፊ ናት፤ ምናልባትም ቀለሟ ያላማረ፣ ድምፅዋም የሚያንጫጫ ትሆናለች። እንደ ዕቃ አትጠብቋት፤ ንዷት። ስትሰበር ሥዕሉን አውጥታችሁ ፈታትታችሁ አብጇት። ሁለተኛዋን ስትሠሩ ከእኛ የተሻለ ታደርጓታላችሁ፤ ሦስተኛዋን የሚሠሩት ደግሞ ከእናንተ ይበልጣሉ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን?

ምናልባት አንድ ቀን እውነተኛው ሐዲድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ከተማችን ይገባ ይሆናል። ያን ጊዜ በጣቢያው ውስጥ ፉርጎ የምታሰልፈውን ሎኮሞቲቭ የሚነዳ፣ ስትታመምም የሚያድን ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከዚህ ትምህርት ቤት፣ ከዚያች ከተቧጨረች ጠረጴዛ አጠገብ ቢገኝ፣ ድካማችን በከንቱ አልቀረም እንላለን።